ጉርድ ፎቶ

ፒያሳ፣ ከፋርማሲው ጎን፣ አምስት ደረጃ ወርዶ፣
ፎቶ ቤቴ እዚያ ነው፤ ክረምትም በጋም ግድግዳው በርዶ።
መጋረጃዬ ላይ ግንብ አለ፣ በዘይት ቀለም የተሳለ፣
እውነተኛው ግንብ ከበሬ ሁለት መቶ እርምጃ እያለ።
ሰው ግን የሚመርጠው የተሳለውን ነው፤
እዚያ ነፋስ ነጠላ አይገልብም፣ ሕፃንም አይበርደው።

መምህሬ ጋሽ ቢተው፣ ነፍሱን ይማርና፣
ኔጋቲቭ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በሾለ እርሳስ ፊት ሲያቀና፣
«ብጉር እንግዳ ነው፣ ሸኘው» ይለኝ ነበር፤
«ጠባሳ ግን የቤቱ ባለቤት ነው፤ ይደር።»
እርሳሱ ዛሬ ማውስ ሆኗል፣ ጨለማ ክፍሉም መጋዘን፤
ሕጉን ግን አልሻርኩም። ጥርስ አነጣለሁ፣ በመጠን።

ከፊት አልጀምርም።
ከእጅ ነው የምጀምረው፤
«ፈገግ በሉ» ሲባል ፊት ነው የሚታዘዘው፤
እጅ የልጁን ትከሻ ጨምድዶ ይይዛል፣ ወይ ጉልበት ላይ ብቻውን ነው።
የጨፈነ ዓይን ከሌላው ፎቶ አምጥቼ እተክላለሁ፤
ያኮረፈች ምራት ካለች፣ ሁለት ጣት አስጠጋታለሁ።
(ቤታቸው ሲገቡ ምን እንደሆኑ እንጃ።)
አንድ ባል ደግሞ መጥቶ፣ ሚስቱን ከፎቶው «አጥፋልኝ» ቢለኝ፣
አጠፋኋት፤ ክንዱ ላይ አራት ጣቷ ቀርቶ፣ መብራት ሄደብኝ።
ሲመጣም አልፋቅኩትም።
ከነጣቷ ወሰደልኝ።

መብራት! ጎንደር ላይ ኤዲት ማለት ከመብራት ጋር ሩጫ ነው፤
በየሦስት ደቂቃው ሴቭ፣ ጣቴ ሳላዘው የሚያደርገው።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲመጣ፣ ከአልጋዬ ዘልዬ እወርዳለሁ፤
ጎረቤቴ ወፍጮ ያስነሳል፣ እኔ ፊት አስነሳለሁ።

ባለፈው ግንቦት፣ ከአዘዞ፣ ወይዘሮ አንጓች መጣች፤
ባሏን አቶ ፈንቴን፣ ሦስት ልጆቿን አስከትላ ገባች።
አሰለፍኳቸው። መሀል ላይ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ፤
«ጠጋ በሉ» አልኩ እንደ ልማዴ። ማንም አልተነቃነቀ። ዝምታ።
እሷ ናት፣ «ተወው፣ ቦታው የሱ ነው» ያለችው፤
በመሀረብ ቋጥራ የያዘችውን ጉርድ ፎቶ ያወጣችው።

ሦስት በአራት። ከትምህርት ቤት ማመልከቻ ላይ የተላጠ፣
ሐምራዊ ማኅተም ጆሮውን የቆረጠ።
የት ነው? አልጠየቅኩም። በኛ ከተማ ይህን መጠየቅ
ትተን ከርመናል፤ ሰው ራሱ እስኪናገር ነው መጠበቅ።
አልተናገረችም። «ይቁም» አለች፣ «እዚህ ጋ፤
ከአባቱ አንድ ጣት ይረዝማል። ወደሱ ጠጋ።»

ጉርድ ፎቶ፣ እንግዲህ፣ ስሙ ላይ ነው ጉዱ፤
ደረት የለው፣ እጅ የለው፣ እግር የለው መሄጃ መንገዱ።
ከእጅ የምጀምረው ሰው፣ እጅ የሌለው ልጅ ይዤ
ሁለት ሌሊት ተቀመጥኩ፣ ስክሪኑ ፊት ፈዝዤ።
ትከሻ ከታናሽ ወንድሙ ተበደርኩ፤ እጁን ከአባቱ ወሰድኩ፤
ጥፍሩን በሃያ ዓመት መለስኩ፤
ማኅተሙን ከጆሮው ላይ፣ ነጥብ በነጥብ ፋቅኩ።

ብርሃኑ ግን እንቢ አለኝ። ቤተሰቡን የመታው ከግራ፣
እሱን ከቀኝ። ሌላ ቀን፣ ሌላ ፀሐይ፣ ሌላ ስፍራ።
ብገለብጠው ይገጥማል፤ የአንዲት ቁልፍ ሥራ ናት፤
ግን ያች ከቅንድቡ በላይ ያለች ጠባሳ ወደ ማዶ ልትሻገር ናት።
እናት ይህን አትስትም።
ተውኩት። ጥላው ወደፈለገበት ይውደቅ፤ አላስገድድም።

ማክሰኞ መጡ። ትንሿ፣ እማዋይሽ፣ በጣቷ እየነካካች፣
«ለሱ ብቻ ፀሐይ በወዲህ ናት» አለች።
አባት ወደ በሩ ዞረ። እናት መልስ አልሰጠችም፤
ፍሬሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አቧራ እንኳ አልነበረበትም።

ዋጋዬ በሰው ቁጥር ነው፤ የአምስት ሰው ብዬ ነገርኳት፤
ቆጥራ የስድስት ሰጠችኝ። «ተሳስተሻል» ልላት
አፌን ስከፍት፣
መብራት ሄደ።
ደረጃውን በስልኬ ብርሃን እያሳየሁ ሸኘኋቸው፤
እሷ ፍሬሙን ታቅፋ፣ «ቀስ፣ ቀስ» እያለችው።